ከራስ ጅማት ተወስዶ ጉልበት ሲጠገን፦ ምትኩም የተወሰደበት ቦታም

ከራስ አካል ጅማት ተወስዶ የተበጠሰው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ሲተካ፣ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወጣው ሁለት ጉዳት ይዞ ነው። አንዱ የተጠገነው ጉልበት ነው፤ ሌላው ምትኩ የተወሰደበት ቦታ። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ይናገራል። ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ወሬ የሚነሳው ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ታካሚው «ጉልበቴስ ደህና ነው፣ ጭኔን ምን ነካው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። በማገገሚያ ክፍል ደጋግመን የምናየው ይህንኑ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለቱንም ጉዳቶች እኩል እያየ የተጻፈ ነው።

በተለምዶ ኤሲኤል የሚባለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በጉልበት መሃል ሆኖ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ሲዞርም ጉልበቱ እንዳይከዳው ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ ጫፎቹ ተራርቀው ስለሚቀሩና የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ደም እንዲረጋባቸው ስለማይፈቅድ ተሰፍቶ እምብዛም አይያዝም። የተበጠሰበት ሰው ሁሉ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ሩጫና መዞር የሌለበት ኑሮ የሚኖር፣ ጡንቻውን በልምምድ አጠንክሮ ጉልበቱ የማይከዳው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በደንብ ሊኖር ይችላል።

ከሟች ለጋሽ የሚወሰድ ጅማትም አለ። ለወጣትና ለስፖርተኛ ግን የራስ ጅማት ይመረጣል፤ ከሌላ ሰው በሽታ የሚተላለፍበት መንገድ የለም፣ በጨረር ወይም በኬሚካል ሲመክን አልተዳከመም፣ ከአጥንት ጋርም ፈጥኖ ይዋሃዳል። በወጣቶች ላይ የለጋሽ ጅማት ከራስ ጅማት ይልቅ ጎልቶ በሚታይ ልዩነት ይበጠሳል። የራስ ጅማት ከየት ይወሰድ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በብዛት የሚወሰደው የኋላ ጭን ጅማት ነው። ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ በቅልጥሙ የውስጥ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀደድና ሴሚቴንዲኖሰስና ግራሲሊስ የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ይፈለጋሉ። አንዳንድ ሐኪም የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ አራት ያጥፈዋል፤ ግራሲሊስን መተው ጉልበትን በጥልቀት የማጠፍ ኃይልን ስለሚቆጥብ፣ ጅማቱ ከበቃ እኛም ይህን እንመርጣለን። ጅማቱ ጫፉ ቀለበት በሆነ መግፈፊያ ወደ ጭን ሽቅብ እየተገፋ ከጡንቻው ይላቀቃል። በጅማት አወሳሰዱ ውስጥ ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነው። ከሴሚቴንዲኖሰስ ተነስተው ወደ ባት ጡንቻ የሚሄዱ ማሰሪያዎች አሉ። እነሱ ሳይቆረጡ መግፈፊያው ከተገፋ አቅጣጫውን ይስትና ጅማቱን ከመሃል ይቆርጠዋል። ጠንቃቃ ሐኪም ከመግፈፉ በፊት ጅማቱን ሳብ አድርጎ ባቱን ይመለከታል፤ የባቱ ቆዳ ጎድጎድ ካለ ያልተቆረጠ ማሰሪያ ገና አለ ማለት ነው። ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን የነበረበት ጅማት 15 ሆኖ ከወጣ አራት ታጥፎ አይበቃም፤ ሌላ ቦታ መቅደድ ግድ ይላል። ስለዚህ የስምምነት ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት «የታሰበው ጅማት ባይበቃ ቀጥሎ ከየት ይወሰዳል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ቀድሞ የታሰበበት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ነው። የመሃሉ ሲሶ፣ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከላይ ከሎሚው፣ ከታች ከቅልጥሙ 20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የአጥንት ቁራጭ እንደያዘ ይወጣል። ትልቁ ጥቅሙ እነዚህ ሁለት የአጥንት ቁራጮች ናቸው፤ አጥንት ከአጥንት ጋር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይያያዛል፣ ለስላሳ ጅማት ግን ከአጥንት ጋር ለመያያዝ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ጉዳቱ ደግሞ የፊት ጉልበት ሕመምና ሲንበረከኩ የሚሰማ ስቃይ ነው። መጋዙ ከሎሚው በጥልቀት ከወሰደ ወይም የቁራጩ ማዕዘኖች ተሻግረው ከተቆረጡ ሎሚው በኋላ ሊሰበር ይችላል፤ ይህ ብዙ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ማገገሙን ወራት ወደ ኋላ ይመልሳል። ጅማቱ ከተለመደው ሲረዝምም የታችኛው የአጥንት ቁራጭ፣ ምትኩ እንዲያልፍበት በቅልጥም ላይ ከሚቦረቦረው ቀዳዳ ወጥቶ ይቀራልና የሚታሰርበት መንገድ ይለወጣል።

ሦስተኛው ከሎሚው በላይ ያለው የፊት ጭን ጅማት ነው። ወፍራም ስለሆነ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢወሰድለትም ከሥሩ የሚቀር ንብርብር አለው። ሲጎዳ ቆዳውን የሚያደነዝዘው ነርቭ በዚያ ስለማያልፍ መደንዘዙ ያነሰ ነው፣ መንበርከክም እንደ ሁለተኛው አያሰቃይም። የሚያስከፍለው ግን ከጉልበት ጥገና በኋላ ከሁሉ በላይ የሚፈለገውን የፊት ጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻው ለወራት ይደክማል፣ ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ያልተሳካ ይመስለዋል።

በቤተ ሙከራ ሲሳብ የወጣት ሰው ተፈጥሯዊ መስቀለኛ ጅማት 2160 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይሸከማል፤ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሎሚ ጅማት ወደ 3000፣ አራት የታጠፈ የኋላ ጭን ጅማት ወደ 4000። ብዙ ሰው እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ይመርጣል። እኛ በእነሱ እንዲመርጡ አንመክርም፤ ልኬቱ ጅማቱ በተወሰደበት ዕለት ያለውን ጥንካሬ እንጂ ጉልበት ውስጥ ገብቶ በስምንተኛው ሳምንት የሚኖረውን አይናገርም።

ምርጫው በኑሮ ይወሰን። ተንበርክኮ የሚሠራ ወይም በቀን ደጋግሞ የሚንበረከክ ሰው ከሎሚው በታች ያለውን ይተው። በፍጥነት የሚሮጥ፣ ወይም ከዚያው ጋር የጉልበቱ የውስጥ የጎን ጅማት የተጎዳበት ሰው የኋላ ጭን ጅማቱን ባይነካ ይሻላል፤ እነዚያ ጅማቶች የጉልበቱን የውስጥ በኩል የሚደግፉ ናቸውና። ጉልበቱ ቀጥ ከማለት አልፎ ወደ ኋላ የሚቀለበስ፣ መገጣጠሚያው በተፈጥሮው ላላ ያለ ሰው የሎሚ ወይም የፊት ጭን ጅማት ይስማማዋል። እድገታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ላይ ግን የአጥንት ቁራጭ አጥንቱ በሚያድግበት ቦታ፣ በእድገት ሰሌዳው ላይ ማሳለፍ አጥንቱን ሊያጣምም ስለሚችል ለስላሳ ጅማት ብቻ ይገባል። ከ25 ዓመት በታች ሆኖ እግር ኳስን ወደመሰለ፣ መዞርና መዝለል ያለበት ስፖርት የሚመለስ ሰው ዳግም የመበጠስ አደጋው ከሁሉም ከፍ ያለ ነው። ለእሱ የኋላ ጭን ጅማት ከተመረጠ ከጉልበቱ ውጭ በኩል ተጨማሪ ማጠናከሪያ ይደረግለት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በ2020 በታተመ ትልቅ ጥናት ይህ ተጨማሪ ሥራ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት መበጠስን ከ11 በመቶ ወደ 4 በመቶ አውርዶታል።

ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ጉልበቱ መዘጋጀት አለበት። ባበጠና በደረቀ ጉልበት ላይ ቢቸኮል ጠባሳ ውስጡን ይሞላውና በኋላ መታጠፍም መዘርጋትም እምቢ ይላል። እብጠቱ እስኪወርድ፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ፣ ወደ 120 ዲግሪ እስኪታጠፍ፣ ተጋድመው እግርዎን ቀጥ አድርገው ሲያነሱ ጉልበቱ እስከማይታጠፍ ይጠበቅ። ይህ ለብዙው ሰው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የተቀደደ ሜኒስከስ (በጭን አጥንትና በቅልጥም መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ አጥንት) ተቀርቅሮ ጉልበቱ ከተቆለፈ ግን አይጠበቅም። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አይርሱ፦ የጤነኛው እግር ጥንካሬ አሁኑኑ ይለካና ይመዝገብ። ጥቅሙ ከወራት በኋላ ይታያል።

በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ጅማቱ ከወጣ በኋላ የተጣበቀበት ሥጋ ይፋቃል፣ ጫፎቹ በጠንካራ ክር ይሰፋሉ፣ ይታጠፋል፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር በሚለያዩ ቀለበቶች እያለፈ ውፍረቱ ይለካል። 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈለጋል፤ ከዚያ ሲያንስ፣ በተለይ ከ20 ዓመት በታች በሆኑት ላይ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ይበዛሉ። አጭርና ቀጭን ሰዎች ላይ የኋላ ጭን ጅማት ሊያንስ ስለሚችል አምስት ወይም ስድስት መታጠፍ ሊያስፈልገው ይችላል። ጅማቱ እስኪተከል በእርጥብ ፋሻ ተጠቅልሎ ይቆያል። ፋሻው በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ቫንኮማይሲን (ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት) በያዘ ፈሳሽ ከራሰ የጉልበት ውስጥ ኢንፌክሽን በጣም ይቀንሳል። ቀላል ነገር ነው፣ ሐኪምዎ ያደርገው እንደሆነ ከመጠየቅ አይቆጠቡ። ከዚያም ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ ሳይወጠር የገባ ጅማት ጉልበት ውስጥ ከታሰረ በኋላ ይለጠጥና ይላላል።

ብዙ ምትክ ጅማት የሚበላሸው ግን በጅማቱ ምክንያት ሳይሆን በቀዳዳው ምክንያት ነው። በጭን አጥንት ላይ የሚቦረቦረው ቀዳዳ የድሮው ጅማት ከነበረበት ወደ ፊት ካለፈ ምትኩ ጉልበት ሲታጠፍ ከልክ በላይ ይወጠራል፤ ወይ መታጠፉን ይከለክላል ወይ ራሱ ተለጥጦ ይላላል። በቅልጥም ላይ ያለው ቀዳዳ ወደ ፊት ካለፈ ደግሞ ጉልበት ሲዘረጋ ጅማቱ ከላይኛው አጥንት ጣሪያ ጋር ይጋጫል፣ መዘርጋቱም ይጎድላል። ከላይ ጅማቱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አጥንቱን አልፎ የሚገለበጥ ትንሽ የብረት ቁልፍ ነው። ቁልፉ አጥንቱ ላይ ሳያርፍ ጡንቻ ውስጥ ከተቀመጠ በሳምንታት ውስጥ ይሰምጣል፣ ጅማቱም ይላላል፤ በራጅ ማየት ይህን ያጋልጣል። ከታች ከመታሰሩ በፊት ሐኪሙ ጅማቱን ወጥሮ ይዞ ጉልበቱን ደጋግሞ ያጥፍና ይዘረጋል፣ ከዚያ ከሞላ ጎደል ዘርግቶ በብሎን ያስረዋል።

አሁን ወደ ማገገሙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የሚቀድመው ጉልበትን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው። ትራስ ከጉልበት ሥር አይደረግም፤ ምቾት ይሰጣል፣ ጉልበቱን ግን ታጥፎ እንዲደርቅ ያስተምረዋል። የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዝ ሥር ይደረግና ጉልበቱ በራሱ ክብደት ይውረድ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። መዘርጋቱ ከቀረ ከምትኩ ጅማት ፊት ጠባሳ ተጠቅልሎ እንደ ሽብልቅ ይቀመጣል፣ ያኔ የሚያወጣው ሌላ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሁለተኛው ሥራ የፊት ጭኑን ጡንቻ መቀስቀስ ነው። ጉልበት ሲያብጥ አንጎል ይህን ጡንቻ ያጠፋዋል፤ ስንፍና አይደለም። ጉልበቱን ወደ አልጋው እየጫኑ 5 ሰከንድ ጨምቆ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በየሰዓቱ ቢሆን መልካም ነው። እግሩ ቀጥ እንዳለ ሲነሳ ጉልበቱ መጉበጡን እስኪተው ክራንች አይጣል። ሜኒስከስ ካልተሰፋ በስተቀር አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚችለው መጠን መርገጥ ይችላል፤ ከተሰፋ የሐኪሙ ትእዛዝ ይቀድማል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ 90 ዲግሪ መታጠፍ፣ በስድስተኛው ወደ 120 መድረስ ጥሩ ጉዞ ነው።

በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝ፣ ሁልጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ። የኋላ ጭን ወይም የሎሚ ጅማት የተወሰደበት ሰው ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ስለሚደነዝዝበት በረዶው ቆዳውን ሲያቃጥለው አይሰማውም። የደነዘዘው ቦታ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል።

የተወሰደበት ቦታ የራሱ ሕግ አለው። የኋላ ጭን ጅማቱ የተወሰደበት ሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጉልበቱን ከክብደት ወይም ከላስቲክ ጋር እየታገለ አያጥፍ፣ እግሩን ዘርግቶ ጫማ ለማሰርም አያጎንብስ። በዚያ ጊዜ ከጭኑ ኋላ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ስለታም ሕመም የሚይዘው ብዙ ነው፤ ምትኩ የተበጠሰ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተቀደደው በተወሰደበት ቦታ የበቀለው ጠባሳ ነው፣ ለጥቂት ቀናት እረፍት ይበቃዋል። ጉልበቱ ካበጠ ወይም ከከዳ ግን ይታይ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ከጭኑ ኋላ እስከ ባት የሚወርድ ጥቁር ወይም ቢጫ ብልዘትም የተለመደ ነው። በብዙ ሰው የተወሰደው ሴሚቴንዲኖሰስ ከጊዜ በኋላ መልሶ ይበቅላል። እንደ ድሮው አይሆንም። የሚጎድለው ኃይል የሚታወቀው በሆድ ተኝቶ ጉልበትን ከ90 ዲግሪ በላይ አጥፎ ሲለካ ነው፤ ቁጭ ብሎ ብቻ የተለካ ሰው ጉድለቱ ሳይታይለት «ጨርሰሃል» ይባላል።

ከሎሚው በታች የተወሰደበት ሰው ሎሚውን በጣት እየያዘ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያንቀሳቅስ። ቁስሉ ደርቆ ሲዘጋ ጠባሳውን ማሸት ይጀመር፤ መንበርከክም ከወፍራም ፍራሽ ላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ጠንካራ ወለል ይሂድ። ጨርሶ አልንበረከክም ያለ ሰው ቆዳውም ጅማቱም እንደፈራ ይቀራል። ከሎሚው በላይ የተወሰደበት ሰው ደግሞ ጥልቅ ቁጢጥን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይተው፣ የፊት ጭኑን ማጠናከር ግን ከሁሉም በላይ ይታገሥበት፤ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይደርሳል።

ምትኩ ጅማት ሲገባ የደም ሥር የለውም። ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ከዚያ ከዙሪያው አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሴል ይገባበታል፣ ቀስ በቀስም መልኩን ወደ መስቀለኛ ጅማት ይለውጣል። ይህ ለውጥ ከዓመት በላይ ይሄዳል። በጣም የሚደክምበት ጊዜ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፣ ልክ እብጠቱ ወርዶ ሕመሙ ጠፍቶ ታካሚው ክራንቹን የጣለበት ጊዜ። ለአውቶቡስ መሮጥ፣ በረንዳ ላይ ከልጅ ጋር ኳስ መነካካት፣ እርጥብ ወለል ላይ መንሸራተት፤ ምትኩን የሚያበላሹት በዚህ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ጉልበቱ ጥሩ ስሜት ስለሰጠ ጅማቱ ጠነከረ ማለት አይደለም።

ሩጫ ከ12 ሳምንት በፊት አይጀመርም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ጉልበቱ ከልምምድ ማግስት የማያብጥ፣ በአንድ እግር ቁጢጥ ሲባል ወደ ውስጥ የማይሰበር ከሆነ ብቻ። መዞርና መጋጨት ወዳለበት ስፖርት ከ9 ወር በፊት አይመለሱ። በ2016 በታተመ ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት ዳግም ጉዳትን በግማሽ ያህል ሲቀንስ ታይቷል። ከቀኑ በተጨማሪ የፊትና የኋላ ጭን ጥንካሬም በአንድ እግር የሚዘለለው ርቀትም ከጤነኛው እግር 90 በመቶ መድረስ አለበት። ቀድሞ የተመዘገበው ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ጤነኛው እግርም በወራት እረፍት ይደክማል፤ ከደከመ እግር ጋር ተነጻጽሮ የተገኘ 90 በመቶ ያታልላል።

አስቸኳይ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ባት ጠንክሮ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት ካሳየ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዕለቱ ይመርመሩ፤ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ተሽሎት የነበረ ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ መልሶ ማበጥና ማመም ከጀመረ፣ ትኩሳት ቢኖርም ባይኖርም፣ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። በራስዎ ፀረ ተሕዋስ ክኒን አይጀምሩ፤ ከጉልበቱ ፈሳሽ ተቀድቶ ሳይመረመር መድኃኒት ከተወሰደ ተሕዋሱ ሳይለይ ይቀራል። ቶሎ ከታጠበ ምትኩ ጅማት ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ቅጂ ይጠይቁ፣ በስልክዎም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ጅማቱ ከየት እንደተወሰደ፣ ግራሲሊስ ተነካ ወይስ ቀረ፣ የምትኩ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች በምን እንደታሰረ፣ ሜኒስከስ ተሰፋ ወይስ ተቆረጠ የሚለው በውስጡ መኖሩን ያረጋግጡ። የማገገሚያ ባለሙያው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልምምድ የሚያወጣው ከዚህ ወረቀት ነው፤ ምትኩ ቢበጠስ ደግሞ ሌላ ሐኪም የትኛው ጅማት ገና እንዳልተነካ፣ የትኛውን ብሎን በየትኛው መፍቻ እንደሚያወጣ የሚያውቀው ከዚሁ ነው።